የገዳሪፍ ጥም፣ የፖርት ሱዳን ጨው

ከመተማ ተሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለሰሊጥ ሥራ የከረሙ ወገኖቻችን ስለ ውኃ ሲያወሩ የሚያነሱት እጥረቱን ነው። በርሜል የጫነችው የአህያ ጋሪ ካልመጣች ቤተሰቡ ግራ ይገባዋል። ጨዉን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

የውኃን ጨው ቀድማ የምትለየው ቡና አፍልታ የምታድር ሴት ናት። ስኒ ስታጥብ ሳሙናው አረፋ እንቢ ይላታል፤ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ቡናው ይጎመዝዛል፤ ደንበኛም አንዴ ቀምሶ ይሄዳል። ስለዚህ ከትርፏ ላይ ቀንሳ የተሻለ ውኃ ትገዛለች።

እንደ ገዳሪፍ ከባሕር በራቀ አገር የጉድጓድ ውኃ ከጎመዘዘ ጨዉ ከአለቱና ከአፈሩ የሟሟ ነው። ደግነቱ ገዳሪፍ ከሩቅም ቢሆን ወንዝ አላት። ከእኛ ደጋ የሚወርዱት ጓንግና ተከዜ፣ እነሱ አትባራና ሰቲት የሚሏቸው፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቁት መንታ ግድቦች ተይዘዋል።

የቀይ ባሕር ዳርቻዋ ፖርት ሱዳን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ኑሮዋ በአብዛኛው የተንጠለጠለው ከቀይ ባሕር ተራሮች በጎርፍ በሚወርደው በኮር አርባአት ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ መንግሥቱም ተፈናቃዩም ወደዚያች ከተማ ጎረፉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአርባአት ግድብ ተደርምሶ መንደሮችን ጠርጎ ወሰደ፤ ሰው አለቀ፤ ከተማዋም ዋና የውኃ ምንጯን አጣች።

እንዲህ ያለ ቀን የሁሉም ዓይን ጉድጓድ ላይ ያርፋል። አደጋውም የሚጀምረው እዚያ ነው። በባሕር ዳርቻ ከመሬት በታች ያለው ጣፋጭ ውኃ ቀለል ስለሚል፣ ስልባቦት ወተት ላይ እንደሚሰፍረው፣ ከጨዋማው በላይ ይተኛል። ከባሕር ወለል በላይ ያለው የጣፋጭ ውኃ ከፍታ አንድ ሜትር ሲቀንስ፣ ከሥር ያለው ጨዋማ ውኃ በስሌት ወደ 40 ሜትር ከፍ ይላል። ፓምፑ ሌት ተቀን ሲስብ ባሕሩ በዝምታ ይገባል። አንዴ የገባ ጨው ታጥቦ እስኪወጣ ዓመታት፣ አንዳንዴም የሰው ዕድሜ ይፈጃል።

ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ድርጅቶች ሪፖርታቸው ላይ የሚጽፉት የጉድጓዱን ቁጥር ነው። ለተጠማ ሰው ውኃ ማድረስ ትልቅ ሥራ ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን የጨዉን መጠን የሚለካው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነው፤ ውኃው ውስጥ ሲነከር ወዲያው ቁጥር ያሳያል። በየወሩ የጨው መጠኑና የውኃው ከፍታ ተመዝግቦ ለነዋሪው ይነገር። ጨው ሲጨምር ፓምፑ ይቀነስ፤ አዲስ ጉድጓድም ከባሕሩ ራቅ ብሎ ወደ ተራራው ግርጌ ይቆፈር። የክረምቱ ጎርፍ ባሕር ሳይገባ ተገትቶ ወደ መሬት የሚሰርግበት ሥራም ግድቡን መልሶ ከመገንባት እኩል በጀት ይያዝለት።