ሙሉ መኪና ወይስ በኩንታል?

ከግንደወይን ወደ አዲስ አበባ ጤፍ የሚጭን ነጋዴ መኪናውን በሙሉ ይከራያል ወይም በኩንታል ይከፍላል። «ሙሉው ይረክሳል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ኪራዩ 20 ሺህ፣ የኩንታሉ ማስጫኛ 500 ብር ነው እንበል። ሒሳቡ የሚካካሰው 40 ኩንታል ላይ ነው። 30 ኩንታል ይዞ ሙሉ የተከራየ ሰው 5 ሺህ ብር ለባዶ ቦታ ከፈለ ማለት ነው።

በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአውሮፓ ባቡር የጉዞ ካርድ፣ ዩሬይልም እንዲሁ ነው። ብዙ ለሚዞር ያዋጣል፤ ሁለት ከተማ ብቻ ለሚያይ ግን ቀድሞ የተገዛ ነጠላ ቲኬት ሊረክስ ይችላል። ካርድ የያዘም በፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ለመቀመጫ ተጨማሪ ይከፍላል።

ሙሉ የሚከራይም የጫኝና አውራጁ ሒሳብ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። በኩንታል የሚጭነው ደግሞ መኪናው እስኪሞላ ይጠብቃልና፣ ገበያው እየወረደ ከሆነ ይህንንም ያስብ። ኩንታሉ ሳይቆጠር መኪና አይያዝ።