ምድጃው ያልተለኮሰው የኒጀር ዳር ብረት ፋብሪካ

ናይጄሪያ በኒጀር ወንዝ ዳር የሚገኘውን የአጃኦኩታ ብረት ፋብሪካ ዳግም ለማንቀሳቀስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከሩሲያው ቲያዥፕሮምኤክስፖርት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርማለች። ድርጅቱ ለስፍራው እንግዳ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት ዘመን፣ በ1979 ፋብሪካውን ለመገንባት ውል የገባውም ይኸው ነበር።

ጅምሩ ተስፋ የሚጣልበት ነበር። አገሪቱ የነዳጅ ገቢ ነበራት፤ የብረት ማዕድኑም ከፋብሪካው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኢታክፔ በተባለ ስፍራ ይገኛል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ቶን ብረት እንዲያመርት ታቀደ። በ1983 ብረት የሚዳመጥበት ክፍል ሥራ ጀመረ፤ በ1994 ግንባታው 98 በመቶ መድረሱ ተነገረ። ዋናው ማቅለጫ ምድጃ ግን እስከ ዛሬ አልተለኮሰም።

ቀረ የተባለው 2 በመቶ አሳሳች ቁጥር ነው፤ ትልቁ ጉድለት ከፋብሪካው አጥር ውጪ ነበር። የኢታክፔ ማዕድን የብረት ይዘቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከመቅለጡ በፊት መጣራት ይኖርበታል። ለምድጃው የሚስማማው የድንጋይ ከሰል ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት። ኢታክፔንና አጃኦኩታን ከዋሪ የወደብ ከተማ ጋር የሚያገናኘው የባቡር መስመር ደግሞ በ1987 ተጀምሮ የተመረቀው በ2020 ነው። ሞፈሩ ተጠርቦ፣ ቀንበሩ ተሰናድቶ በሬው 33 ዓመት እንደ ዘገየ ማለት ነው።

መሐል ላይ የገባው የውል ውዝግብ ጉዳቱን አባብሶታል። በ2004 ፋብሪካው ለአንድ የሕንድ ባለሀብት ኩባንያ ተሰጠ፤ መንግሥት በ2008 ውሉን ሰረዘ። ክርክሩ በ2022 የተቋጨው ናይጄሪያ 496 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታ ነው፤ ያውም ብረት አቅልጦ ለማያውቅ ፋብሪካ።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በጣና በለስ የስኳር ልማት ተገልብጦ ታይቷል፦ አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ባለመድረሱ ምርቱ ማሳ ላይ አርጅቶ ተወግዷል። በለስ ላይ ጥሬ ዕቃው ፋብሪካውን ጠበቀ፣ አጃኦኩታ ላይ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን። መሬቱን የሚለቅ አርሶ አደርም ሆነ ሥራ የሚጠብቅ የከተማ ወጣት ከመሠረት ድንጋዩ ይልቅ የሁለቱን የመድረሻ ቀን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በአጃኦኩታ ባቡሩ ዛሬ መንገደኞችን ያመላልሳል። ከሰሉ ከየት፣ በማን ገንዘብ እንደሚመጣ ግን ከአዲሱ ፊርማ በፊት መመለስ የነበረበት ጥያቄ ነው።