«ጊቭ አፕ» ሁልጊዜ ተስፋ መቁረጥ ነውን?

ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጌዶና ከባኮ ለሚመጣው ተማሪ እንግሊዝኛን ያከበደበት ረጅሙ ቃል አይደለም። ረጅሙን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል። የሚያሰናክለው እንደ «ጊቭ» ያለ ትንሽ ግሥ «አፕ»ን ከመሰለ ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን መስጠቱም ላዩም ይጠፋሉ።

በብዙ ክፍል «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪውም ይሸመድደዋል። ትርጕሙ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ሲጋራን «ጊቭ አፕ» ያደረገ ሰው ማጨሱን ተወ። በአውቶቡስ ውስጥ መቀመጫውን ለአሮጊት «ጊቭ አፕ» ያደረገ ወጣት ለቀቀላቸው እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። ሲሸሽ የነበረ ወንጀለኛ ራሱን «ጊቭ አፕ» ቢያደርግ እጁን ሰጠ ማለት ነው። በኬሚስትሪ መጽሐፍም የሶዲየም አቶም ለክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን «ጊቭ አፕ» ያደርጋል፤ ተስፋ የሚቆርጥ አቶም ግን ማን አይቶ ያውቃል? በሁሉም ውስጥ ያለው አሳብ አንድ ነው፤ ይዘውት የነበረውን መልቀቅ።

ይህ አሠራር ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «ዺሲ» ተው ነው፤ «ገድ ዺሲ» ሲባል ልቀቅ ይሆናል፤ «ገድ» ግን በቁሙ ወደ ታች ማለት ነው። (እንግሊዝኛ ሲለቅ ወደ ላይ፣ አፋን ኦሮሞ ሲለቅ ወደ ታች!) እንግዳውን «ኦል ሴኒ» ብለን ስናስገባ ቃል በቃል «ወደ ላይ ግባ» ማለታችን ነው፤ ቤቱ ዳገት ላይ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ግን የለም። በአማርኛም «ቁጭ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም።

ታዲያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዳይሰማ የሚከለክሉ መምህራን ምን ያተርፋሉ? ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ በ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪውም ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በዚህ ሰዓት የሚያውቀውን ከደጅ ትቶ እንዲገባ ይታዘዛል።

ከተፈቀደማ ልምምዱ ይቀራል ይላሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በአምስት ደቂቃ የገባው ተማሪ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሲናገር ሊያሳልፈው ይችላል። «ጊቭ ኢት አፕ» እንጂ «ጊቭ አፕ ኢት» እንደማይባል፣ ይህን የመሰለው ነገር በማስረዳት ሳይሆን ደጋግሞ በማናገር የሚለመድ ስለሆነ፣ ጊዜው ለዚህ ይዋል።