ለዘበኛው የካዝናውን ቁልፍ?

ዘበኛ ቀጠራችሁ እንበል። ሥራው ማታ ማታ በሩ መዘጋቱን፣ መብራቱ መጥፋቱን እያየ ለእናንተ መንገር ነው። ለዚህች ሥራ የመኝታ ቤቱንና የካዝናውን ቁልፍ ታስረክቡታላችሁ? «አበዳችሁ እንዴ?» እንደምትሉን እናውቃለን። «የራሳችን ሰርቨር አለን» እያልን የምንኮራ ወጣቶች ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እኛም አድርገነዋል። አንዲት ትንሽ ሰርቨር አለችን። በላይዋ ላይ በዶከር የሚሠሩ ጥቂት ኮንቴይነሮች አሉ፤ አንዱ ድረ ገጻችንን፣ ሌላው ዳታቤዛችንን፣ ሦስተኛው ደግሞ «ስሜን እንዳትጠቅሱ» ብለው ያናገሩንን ሰዎች ቃል ይዟል። አንዱ ሲወድቅ እንዲነግረን ብለን አፕታይም ኩማ የተባለውን መከታተያ ጫንን። ኮንቴይነሮቹን እንዲያይም የዶከርን ሶኬት እንዳለ ሰጠነው። ሠራ! አጨብጭበን ተኛን።

ሶኬቱ ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበት በር ነው። በዚያ በር የገባ ማየት ብቻ አይደለም፤ አዲስ ኮንቴይነር ፈጥሮ የሰርቨሩን ዲስክ በሙሉ ሊያያይዝበትና ያሻውን ሊገለብጥ ይችላል። ባጭሩ ሩት ሆነ ማለት ነው። መከታተያው ራሱ ክፉ ባይሆንም አንድ ቀን ቀዳዳ ቢገኝበት የገባበት ሁሉ ቤቱን ይረከባል።

«እኔ ለንባብ ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል ጓደኛ አለን። ወንድማችን፣ ያ ገደብ የሶኬቱን ፋይል ከመሰረዝ ያድን ይሆናል እንጂ በሶኬቱ የሚያልፈውን ትእዛዝ አያግድም።

ፈሪዎች ናችሁ ካላችሁን ይኸው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ተመራማሪዎች ግራቦይድ ያሉት ትል፣ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ተከፍተው ከነበሩ ከ2000 በላይ የዶከር ማሽኖች ውስጥ ገብቶ ሞኔሮ ሲቆፍር ተገኝቷል። የእነሱ በር መንገድ ዳር ነበር፣ የእኛው ጓዳ ነው። በሩ ግን ያው በር ነው።

መላው በመካከል ፕሮክሲ ማቆም ነው። ቴክናቲቫ የሠራው የዶከር ሶኬት ፕሮክሲ በነጻ ይገኛል። ሶኬቱን እሱ ብቻ ይይዛል፤ መከታተያው በፖርት 2375 እሱን ይጠይቃል። «ኮንቴይነርስ» የሚለውን 1፣ «ፖስት» የሚለውን 0 ታደርጋላችሁ። «ዳታቤዙ አለ ወይ?» ሲባል ይመልሳል፤ «አዲስ ፍጠር» ሲባል 403 ብሎ ይሸኛል። ታዲያ ያን ፖርት ለውጭ እንዳትከፍቱት! ሁለቱ ብቻ የሚገናኙበት የውስጥ ኔትወርክ ይበቃቸዋል።

ፕሮክሲው ተአምር አይሠራም። ኮንቴይነሮችን እንዲያይ የተፈቀደለት መከታተያ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብላቸውንም ያነባል። ብዙዎቻችን የዳታቤዙን ይለፍ ቃል የምንጽፈው ደግሞ እዚያው ነው። ከዚያ አውጡት፤ ኮንቴይነሩ ብቻ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

«ለአንዲት ሚጢጢ ሰርቨር ይሄ ሁሉ ጣጣ?» ትሉ ይሆናል። ጋዜጠኝነት ስንማር ምንጫችሁን ጠብቁ ተብለናል፤ ያኔ ምንጭ የሚጠፋው በአፍ ብቻ ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን በሁለት መስመር ኮንፊገሬሽንም ይጠፋል። ያመነን ሰው ዶከር ምን እንደሆነ አያውቅም። ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ፕሮክሲውን ትናንት ማታ ተከልነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

እናንተስ፣ ቁልፋችሁ ማን ጋ ነው?