ለድንኳን አለን፣ ለጭስ ማውጫ ግን የለንም?



የጭስ ማውጫ ምርመራ ጉዳይ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ፣ «መሽቷል፣ በሚቀጥለው ይታያል» ተብሎ መታለፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ስብሰባም «ልዩ ልዩ» ከሚለው ርእስ ሥር ተወሽቆ ሳይደረስበት ቀርቷል። በቃል ያልተሰማው በጽሑፍ ይሰማ እንደሆነ ብዬ ይህን ጽፌ ለጠፍሁ። ቅር የሚለው ቢኖር ቅር ይበለው። ዝም ብዬ ደግሞ ሌላ ቀብር ላይ ከመቆም ይሻለኛል።

ነገሩን እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ፣ ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ጎረቤታችን መብራት ስለጠፋ በእንጨት እንጀራ ሲጋግሩ አመሹ። ዝናቡ አላቋረጠም፤ ውሽንፍሩም አስቸገረ። የማድ ቤቱን በር ዘጉት። ፍሙ ምድጃው ላይ እንዳለ፣ ቤቱም ሞቅ ስላለ፣ ከልጃቸው ጋር እዚያው ጎናቸውን አሳረፉ። በማግስቱ ጧት «ቡና ጠጡ» ሊል የተላከ ልጅ ቢያንኳኳ መልስ አጣ። በሩ ተሰብሮ ሲገባ ልጅቷ ትንፋሿ ነበረ፤ ሐኪም ቤት ደርሳ ተረፈች። እናቲቱ ግን አልተረፉም።

ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን። «መጋኛ መታቸው» ያለ ነበረ፤ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ያለም ነበረ። ከሰልስቱ በኋላ ጣሪያ ላይ የወጣው ላሜራ ሠሪ ግን ሌላ ነገር አየ። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከግማሽ በላይ በጥቀርሻ ተደፍኗል። አናቱ ላይ ወፍ ጎጆዋን ሠርታበታለች። በዚያ ላይ ጎን ለጎን የተሠራው አዲስ ፎቅ ከቧንቧው አናት በላይ ስለወጣ፣ ነፋሱ ፎቁን እየመታ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። መጋኛው ይኸው ነው። ስሙ ጥቀርሻ፣ አድራሻውም ጣሪያችን ላይ ነው።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። ሁላችንም በየወሩ ለእድር እንከፍላለን። አንድ ወር ያለፈው ይቀጣል። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስትና ብረት ምጣድ በመጋዘን ተቆልፎ አለን። ሰው ሲሞት ለመቅበር ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች፣ ሰው እንዳይሞት አንድ ግንበኛና አንድ ላሜራ ሠሪ በዓመት አንድ ጊዜ ጣሪያችን ላይ ማውጣት እንዴት ያቅተናል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዐይናችንን የሚያስለቅሰውና የሚያስለን ጭስ አንድ ነገር ነው፤ የሚገድለው ሌላ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሲሆን ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። እንጨትም ሆነ ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ በብዛት ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጂን ተሸክሞ የሚዞረው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ነገር ግን አየር እያጣ ይሄዳል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ጉልበት መክዳትና መቃዠት ይመጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቀው እንደተኛ ይቀራል።

«ፍም ከሆነ በኋላ አይጎዳም» የምትሉ ሰዎች ይህን አጥብቃችሁ ስሙኝ። ውሸት ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ዐይናችን ያርፋል እንጂ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት፣ ጭስ ማውጫ ኖረ አልኖረ፣ በሞት ላይ መተኛት ነው። ምርመራው ይህን አያድነውም። ምርመራው የሚያድነው በትክክል የሚነደደውን ምድጃ ነው።

አሁን ደግሞ ከየቤቱ የምሰማውን ሰበብ ልመልስ።

«አባቶቻችን በጭስ ውስጥ ኖረው አርጅተዋል» የሚለው የመጀመሪያው ነው። እውነት ነው፣ ኖረዋል። ግን በምን ቤት? በሣር ክዳን ቤት! ጭሱ በሣሩ መሐል እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ እንጨቱንም ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር። የእኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ አለው፤ በሩና መስኮቱ ግጥም ብሎ ይዘጋል። ጭሱ ያለችው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። እሷ ከተደፈነች አለቀ። ደግሞስ አባቶቻችን ሁሉ አርጅተዋል ያለው ማነው? የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስና የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ማድ ቤት የሚውል ሕፃን በየቤታችን አለ።

ሁለተኛው ሰበብ «እኔው ራሴ አየዋለሁ» የሚለው ነው። ምኑን ታየዋለህ ወንድሜ? ከታች ሆነህ በዱላ ወጋ ወጋ ማድረግ ማየት አይደለም። የሚያውቅ ሰው መስታወትና ባትሪ ይዞ ከሥር ወደ ላይ ያያል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶም ከላይ ወደ ታች ያያል። የቧንቧው መገጣጠሚያ ዝጎ ተበስቶ እንደሆነ በእጁ ይፈትሻል። ትንሽ ወረቀት አጭሶ ጭሱ ወደ ላይ ይሳብ ወይም ወደ ቤት ይመለስ እንደሆነ ይሞክራል። ቧንቧው በኮርኒሱ በኩል ሲያልፍ አቡጀዲውን ወይም እንጨቱን ይነካ እንደሆነ ይመለከታል። ብዙዎቻችን የምንኖረው በጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ውስጥ እንጨትና ጭድ አለ፤ ኮርኒሱም ጨርቅ ነው። የጋለ ላሜራ እነዚህን ሲነካ ምን እንደሚከተል ለማንም መንገር አያሻም። ጥቀርሻውም ራሱ ነዳጅ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ከተቀጣጠለ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው «ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምንጋግረው፣ እንጨት ማን ያነዳል?» የሚለው ነው። እኔ የማውቀው በበዓል ዋዜማ መብራት ሲጠፋ ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር ጭስ እንደሚትጎለጎል ነው። እንዲያውም አደጋው የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ የሚነድበት ምድጃ ጉድለቱ ቶሎ ይታወቃል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚነድበት ግን ወፍ ጎጆ ሲሠራበት፣ ዝገት ሲበላው ማንም ሳያየው ይከርማል። በአሮጌዎቹ ቪላዎች ሳሎን ውስጥ ያሉት የድንጋይ ምድጃዎችም እንደዚሁ ናቸው። ለዓመታት የአበባ ማስቀመጫ ሆነው ኖረው፣ አንድ ብርዳም የሐምሌ ማታ «እስቲ እንለኩሰው» ይባላል። ማን አይቶት?

አራተኛው ሰበብ የአከራዮች ነው። «የሚያነደው ተከራዩ ነው፣ ምን አገባኝ?» ይላሉ። እንዴ! ጣሪያው የማን ነው? ተከራይ ቆርቆሮ ገልጦ ቧንቧ ልቀይር ቢል «ቤቴን አፈረስህ» ብሎ የሚጮኸው ማን ሆነና? በየወሩ የኪራዩን ገንዘብ ቆጥሮ የሚቀበል እጅ በዓመት አንድ ቀን መሰላል ቢይዝ አይሰበርም። ይህን ስል ተከራዩንም ነጻ አላወጣም። ጭሱ ወደ ቤት ሲመለስ እያየ «ከቤት ያስወጡኛል» ብሎ የሚደብቅ ተከራይ ልጆቹን እየደበቀ መሆኑን ይወቅ።

አምስተኛው የባለፎቆቹ ነው። መሥራታችሁን አልቃወምም፤ ያልፍላችሁ። ነገር ግን በአንዳንድ አገር የሚሠራበት ልክ አለ። ጭስ ማውጫ ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማናቸውም ነገር ደግሞ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አንተ አጥር አስታክከህ ግድግዳህን ስታወጣ የጎረቤትህን ጭስ መልሰህ በጉሮሮዋ ትከትባታለህ ማለት ነው። እሷ ቧንቧዋን ልታስረዝም ብትል ገንዘብ የላትም። ላንተ ግን ከሲሚንቶው ወጪ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚሉም አልጠፉም። ፈረንጅ ቢሆን እኮ ከኛ የተሻለ ስለሆነ አይደለም፤ ከኛ ቀድሞ ስለተቃጠለና ስለታፈነ ነው። በእንግሊዝ አገር ትንንሽ ልጆች በጭስ ማውጫ ውስጥ እየተሹለከለኩ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር። ፐርሲቫል ፖት የተባለ ሐኪም ጥላሸቱ ጠራጊዎቹን ለካንሰር እንደሚዳርጋቸው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ጠራጊ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው ግን መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1875 ነው። በጀርመን ዛሬም ለየወረዳው የተመደበ የጭስ ማውጫ ባለሙያ አለ፤ በየሰባት ዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እያንዳንዱን ምድጃ በአካል ተገኝቶ የማየት ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል። ባለቤቱ «አላስገባም» ማለት አይችልም። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደረጃ ደግሞ ጭስ ማውጫ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዛል። እኛ ባለሥልጣን እስኪመደብልን አንጠብቅ። በሰፈራችን ጥሩ ግንበኛም ጥሩ ላሜራ ሠሪም አለን። የጎደለው ውሳኔ ብቻ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለው ሐሳብ በመጀመሪያ አጀንዳነት ተይዞ ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።

1ኛ/ በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ልምድ ያላቸው አንድ ግንበኛና አንድ ላሜራ ሠሪ ተቀጥረው የእያንዳንዱን ቤት ጭስ ማውጫ ይመርምሩ፤ ክፍያቸው ከማኅበሩ ገንዘብ ይሁን።

2ኛ/ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጥ። «ደኅና ነው»፣ «ይጠገን» ወይም «እንዳይነደድበት» ከሚሉት አንዱ ተጽፎ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ፣ አንድ ለተከራዩ፣ አንድ ለማኅበሩ ይሁን።

3ኛ/ «ይጠገን» የተባለ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ያስጠግን። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ብቸኛ እናቶች ግን በማኅበሩ ይረዱ።

4ኛ/ ፎቅ የሚሠራ ሰው በግንባታው ምክንያት ጭሷ የሚመለስባትን ጎረቤቱን ቧንቧ በራሱ ወጪ ያስረዝም።

5ኛ/ ማንም ሰው ከተዘጋ ቤት ውስጥ ጭስ የመታው ሰው ቢያገኝ፣ ወተት ፍለጋ ከመሮጡ በፊት በርና መስኮት ከፍቶ፣ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት እንዲያደርስ ለየቤቱ ይነገር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉ መልሱ ቀላል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የምርመራው ወጪ በየቤቱ ሲካፈል ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ለቅሶ ካወጣነው ጋር ይተያይ፤ የሒሳብ ሹማችን መዝገቡን ገልጦ ለስብሰባው ያንብብልን። እኔ ከዚያ በላይ የምጨምረው ክርክር የለኝም።

የሟቿ ልጅ ዛሬም እዚያው ቤት ናት። ቧንቧው ከተጠረገ በኋላ አዲስ ቆብ ተደርጎለታል። ባለፈው ሰሞን ሳገኛት ምድጃ ከመለኮሷ በፊት ውጭ ወጥታ ጣሪያውን ቀና ብላ እንደምታይ ነገረችኝ። «ጭሱ ሲወጣ ካየሁ በኋላ ነው የምገባው» አለችኝ። ይህች የ14 ዓመት ልጅ ናት። እኛ ትልልቆቹ ስንት ሰው እስኪሞት ነው ቀና ብለን ጣሪያችንን የማናየው?

ሳይቃጠል በቅጠል!

አንድ የሰፈሩ ነዋሪና የማኅበሩ አባል