ከሎዛ በኋላ የምትመጣው አጥቂ

እኔ ጋ ለልምምድ ከሚመጡት ልጆች መካከል ሎዛ አበራን የማታውቅ የለችም። ሐዋሳ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሴት ልጆችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ሰዎች ስለ ሎዛ ሲያወሩ “ተፈጥሮ የሰጣት ናት” ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ያሳስበኛል። ሁሉን ተፈጥሮ ከሰጠ እኛ ምን ቀረን?

እስቲ የመጣችበትን መንገድ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዱራሜ ተወለደች። ለሐዋሳ ከተማ ተጫወተች፤ በደደቢት ማሊያ ደግሞ በተደጋጋሚ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ስዊድን ሄዳ ለኩንግስባካ ተሰለፈች፤ ተመልሳ አዳማ ከተማ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2019 ለማልታው ቢርኪርካራ ፈረመች፤ ኮሮና ሜዳዎችን ሁሉ በዘጋበት በዚያ የውድድር ዘመን 30 ግብ አስቆጥራ ከቡድኗ ጋር የሊጉ ሻምፒዮን ሆነች። እንደገና አገሯ ገብታ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የዋሽንግተኑን ዲሲ ፓወር ተቀላቀለች።

ከዚህ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስበው ከስዊድን የተመለሰችበትን ጊዜ ነው። ውጭ ወጥቶ የተመለሰ ተጫዋች እኛ አገር ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሎዛ ግን ስትመለስ የምትሰለፍበት ቡድን፣ የምትገጥመው ተከላካይ፣ በየሳምንቱ የምትመታው መረብ ነበራት። ማልታ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። አገር ውስጥ የሚጫወቱበት ሊግ ባይኖር ኖሮ፣ ያ የመመለስ ወራት የእግር ኳስ ዘመኗ ማብቂያ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱም ግብ ማግባት በጨዋታ ብዛት የሚመጣ ነገር ነው። ልጆቼ ኮን አዙረው ሲመቱ ያየ ሰው ይደነቃል። እውነተኛ ግጥሚያ ላይ ግን ተከላካይዋ ማሊያዋን ይዛ ስትጎትታት፣ ግብ ጠባቂዋ ወጥታ ስትቆምባት፣ መቼ ከተከላካዮቹ ጀርባ መሮጥ እንዳለባት ስታመነታ ያቺው ጎበዝ ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች። በአንድ ግጥሚያ ደጋግማ ከጨዋታ ውጪ የተያዘች ልጅ አለችኝ። ፍጥነት አላት፤ ሁለቱም እግሯ ይመታል። የጎደላት የመስመር ዳኛ ባንዲራ እያነሳባት ያሳለፈችው ጊዜ ነው። የሩጫ ሰዓትን በሰሌዳ ላይ ስዬ አላስተምራትም፤ ሌላ ትምህርት ቤት መግጠም አለባት። የምትገጥመው ቡድን ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሜዳውስ? ትምህርት ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልቃል። አብዛኞቹ ልጆቼ መጀመሪያ ቤት ደርሰው ውኃ ይቀዳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያያሉ። ሲመለሱ ሜዳው በወንዶቹ ተይዟል። ወንዶቹ ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም፤ ቀድሞ የደረሰ ይጫወታል የሚለው ልማድ ለእነሱ የተመቸ ስለሆነ ነው። እኛ የሚደርሰን ጥጉ ነው። የግብ ብረት በሌለበት ጥግ አጥቂ አሠለጥናለሁ። ሳይመሽ ቤቷ እንድትገባ እናቷ አደራ ያለችኝን ልጅ ደግሞ ልምምዱ ሳይጋመስ እሸኛታለሁ። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ስለሌለም ማሊያቸውን ከደንብ ልብሳቸው ሥር ለብሰው የሚውሉ አሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አንድ በአንድ ይቀራሉ፤ ለምን ቀረሽ ብዬ ስጠይቅ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

የብዙዎች ትኩረት የሚገባው አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 ንግድ ባንክ ሎዛን ይዞ ናይሮቢ ላይ በሴካፋ ዞን የቻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2024 ሎዛ ዋሽንግተን ሳለች ይኸው ክለብ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ለተካሄደው የአፍሪካ ውድድር በቃ። የሎዛን ክብር ማንም አይቀንሰውም። ነገር ግን ቡድኑ በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሞሮኮን ባላየ ነበር። ከኋላዋ ሌሎች ነበሩ። ከእነሱ ኋላ የሚመጡት አሁን የየትምህርት ቤቱ ሜዳ ጥግ ላይ ናቸው።

የምጠይቀው ስታዲየም አይደለም። ከሳምንቱ አምስት የትምህርት ቀናት ማክሰኞና ሐሙስ ሜዳው፣ የግብ ብረቱን ጨምሮ፣ ለሴቶች ብቻ ተብሎ በፕሮግራም ይያዝ። አንድ ባዶ ክፍል ለልብስ መቀየሪያ ይሰጠን። የከተማው ትምህርት ቤቶች ሴት ቡድኖች በወር ሁለቴ የሚገናኙበት ውድድር ይኑር፤ ዳኝነቱን እኛው የስፖርት መምህራን እንሸፍናለን። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ “ወንዶቹስ የት ይጫወቱ?” ብሎኛል። ለወንዶቹ ሦስት ቀን ይቀርላቸዋል።