ለዘበኛውም ዘበኛ ይቁምለት!

«ልጄ፣ የራሴን ከብት የጠበቅኩት በጦር ነበር። የሰው ንብረት ግን በዚህች ዱላ ጠብቅ ተባልኩ።»

እንዲህ ያሉኝ ነገሌ ቦረና ከተማ የአንድ መጋዘን ዘበኛ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር የእሳቸውም መንጋ አለቀና ከተማ ገቡ። አንድ የጥበቃ ኤጀንሲ ካፖርት አልብሶ በር ላይ አቆማቸው። ሥልጠና? የለም። የጽሑፍ ውል? አላዩም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሳምንቱን ሙሉ ይቆማሉ። አንድ ሌሊት ሦስት ጆንያ ስኳር ጠፋና የሁለት ወር ደመወዛቸው ሙልጭ ብሎ ተቆረጠ።

«አባባ፣ ታዲያ ለምን አልከሰሱም?» አልኳቸው።

«ማንን ልክሰስ? አለቃዬን እኮ አይቼው አላውቅም።»

እስቲ እንቁጠር። 12 ሰዓት በ7 ሌሊት 84 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን ደግሞ ቢበዛ 12 ሰዓት ይላል። ድምሩ 60! የ24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍትም አለበት። ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወሩ ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን አለቃ ስለተናደደ ብቻ አይቆረጥም። እንግዲህ ሕግ ጠፍቶ አይደለም፣ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው። ያቤሎ ብትሄዱ፣ ሞያሌ ብትወርዱ የምትሰሙት ያንኑ ነው።

ሰሞኑን «ጥበቃ ሙያ ይሁን፣ ዘበኛው ፈቃድ ይኑረው» የሚል ወዳጅ ገጠመኝ። ግማሹን እስማማለሁ። ያልሠለጠነ ሰው ዱላ ይዞ ቢቆም ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ግን የትምህርት ማስረጃ ያመጣ ብቻ ይቀጠር ከተባለ መጀመሪያ የሚባረሩት እኒህ አዛውንት ናቸው። ድርቁ ከብታቸውን ወሰደ፣ ፈቃዱ ደግሞ ካፖርታቸውን ሊወስድ ነው?

ደቡብ አፍሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ባወጣችው ሕግ ዘበኛውም ድርጅቱም ይመዘገባሉ። እኔ ከድርጅቱ ይጀመር ባይ ነኝ። ኤጀንሲ ፈቃድ ሲያወጣም ሲያሳድስም የደመወዝ መክፈያው ይታይ። የእያንዳንዱ ዘበኛ የጽሑፍ ውል ይቅረብ። ሥልጠናው በኤጀንሲው ወጪ፣ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሰጥ። ሌሊት ተደብድቦ ለሚወድቀው መታከሚያ መድን ይግባለት። ይህን ያላሟላ በሩን ይዝጋ!

ነገሌ ጠባቂን መናቅ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የነበሩት የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማርረው አመፁ። ሊያነጋግሯቸው የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በመስከረም 1967 ዙፋኑ ራሱ ወደቀ።

የኔ አዛውንት አያምፁም፣ ሹምም አያግቱም። ስለዚህ እኔ ልለምንላቸው፦ ፈቃድ ሰጪ ሹሞቻችን ሆይ፣ አንዲት ሌሊት ብቻ በዚያ መጋዘን በር ላይ ዱላ ይዛችሁ እደሩ። ሲነጋ መመሪያውን ጻፉት።